ሽማግሌ ለማስቀመጥ ያልኩት «እሺ»

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ለልጁ ሚስት ሊጠይቅ አስቦ ሽማግሌ ሁንልኝ ቢለኝ እምቢ አልኩት። ቅር አለው፤ አይፈረድበትም። ጡረታ ወጥቼ ከደሴ ጓዜን ጠቅልዬ ትውልድ መንደሬ ብልባላ ከገባሁ ወዲህ ሰው የጠየቀኝን እምቢ ብዬ አላውቅም። ጎልማሶችን ማንበብና መጻፍ የማስተምረውም በነፃ ነው። ሰው ደጃፍ ቆሞ እሺ ማስባሉን ግን አልችልም።

ሃያ ዓመቴ ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቄ፣ ጥር ላይ ከላሊበላ በእግሬ ወደ አገሬ መጣሁ። ገብሱ ተወቅቶ መንገዱ ሁሉ ጭድ ጭድ ይሸት ነበር። በማግስቱ ሁለት ቄሶችና አያ ሞላ የሚባሉ ገበሬ ቤታችን መጡ። የሰፈሩ ሰው በደቦ ሁለት ክፍል ትምህርት ቤት ሠርቶ ነበር፤ ድንጋዩን በገዛ አህያቸው ሲያመላልሱ የከረሙት አያ ሞላ ናቸው። የጠፋው መምህር ነው፤ እዚያ ገደል አፋፍ ላይ ልኑር የሚል አልተገኘም።

እናቴ ትኩስ የገብስ ዳቦና ጠላ አቀረበች። እንግዶቹ ግን አልተቀመጡም። በእኛ አገር ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ ጉዳዩ እሺ ሳይባልለት አይቀመጥም፤ እነሱም እንደዚያው ደጃፉ ላይ ቆሙ። «ልጃችሁን ስጡን ብለን ነው የመጣነው» አሉ አንደኛው ቄስ ለአባቴ። አያ ሞላ ደግሞ ወደኔ ዞሩና፣ «ጥሩነሽ ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። ካንተ ፊደል ትቁጠር» አሉኝ።

የደሴ ምደባ ደብዳቤዬ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ማሳየት ነበረብኝ። ነገር ግን አባቴ አቀርቅሯል፣ ዳቦው ይቀዘቅዛል፣ የሽማግሌዎቹ እግር ይዝላል። ጨነቀኝ። «እሺ፣ ይሁን። ብቻ እባካችሁ ተቀመጡ» አልኩ።

ተቀመጡ፤ በሉ፤ መርቀው መርቀው አልጠግብ አሉ። በሦስተኛው ቀን ለአባቴ እንኳ ሳልናገር ወደ ደሴ ሄድኩ። ደብዳቤ እጽፍላቸዋለሁ አልኩ፣ አልጻፍኩም። ሌላ ሰው አያጡም እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖርኩ። አስተማርኩ፣ ርዕሰ መምህር ሆንኩ፣ ተሸለምኩ። ወይ ጉድ!

ጎረቤቴ ከመምጣቱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ አንዲት ፀጉሯ የሸበተ ሴት ትምህርት ልመዝገብ ብላ መጣች። ስምሽ ማነው ብላት፣ ጥሩነሽ ሞላ አለችኝ። ያኔ ከኔ በኋላ ማን መጥቶ አስተማራችሁ ብዬ ጠየቅኋት።

«ማንም» አለች፣ ቂም በሌለው ድምፅ። «በዓመቱ ትምህርት ቢሮው ሌላ መምህር አግኝቶ ነበር። አባቴ ግን ‹የኛ ልጅ እሺ ብሎናል፣ ይመጣል፤ ቦታውን አትስጡበት› ብለው መለሱት። ጠበቅንዎት። በኋላ እኔም ተዳርኩ።»

ስሟን ጻፍኩ። ይቅርታ ማለቱንም አላወቅሁበት፤ አፈርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የቆጨኝ መሄዴ ነበር፤ ለካስ የበደልኳቸው ከመሄዴ በፊት ነው። ያን ቀን ሽማግሌዎቹን ቆመው እንዳሉ እምቢ ብያቸው ቢሆን ኖሮ፣ ጥሩነሽ በዘጠኝ ዓመቷ ፊደል ትቆጥር ነበር።