ያምሮት ያስቀረችው ሠርግ

ከቡሬ ወደ ሽንዲ ሲኬድ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች መንደር ያምሮት የምትባል ሴት ትኖራለች። ሠላሳዎቹን ከጀመረች ቆይታለች፤ ልጅ የላትም። ገና ጡቷ ሳያጎጠጉጥ ድረዋት ነበር። ከባሏ ቤት እየኮበለለች ትመጣለች፣ አባቷ እየገረፉ ይመልሷታል። አባቷ ሲሞቱ የሚመልሳት ጠፋና ወደ ባሏ ሳትመለስ ቀረች። ቡሬ ሰው ቤት እየሠራች በማታ ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ከደረሰች በኋላ እናቷ ታመሙባትና ወደ መንደሯ ተመለሰች። እናቷን ቀብራ፣ በወረሰቻት ቁራሽ መሬት ላይ በርበሬና በቆሎ እያመረተች መኖር ጀመረች።

አንድ የተራድኦ ድርጅት የልጃገረዶች ክበብ ሊያቋቁም ከየመንደሩ መካሪ የምትሆን ሴት ሲፈልግ፣ ያምሮት ማንም ሳይጠራት ሄዳ ተመዘገበች። ፍኖተ ሰላም ወስደው አሠለጠኗት። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ቅዳሴ ሲወጣ ልጃገረዶቹ ጤና ኬላው በረንዳ ላይ ይሰበሰቡላታል። ስለ ወር አበባ ሳታፍር ትነግራቸዋለች፤ ከአሮጌ ነጠላ ሞዴስ መስፋት ታሳያቸዋለች፤ አንዷን አባት፣ አንዷን ልጅ እያደረገች “አልፈልግም” ማለትን ታለማምዳቸዋለች። የመጀመሪያ ቀን አንቱ ሲሏት ሳቀች።

“እህታችሁ ነኝ እኮ። አንቺ በሉኝ” አለቻቸው።

ከሁሉም ፈጣኗ እታለም ነበረች፣ የአያ ክንዱ የመጀመሪያ ልጅ። ስምንተኛ ክፍል ሳለች፣ በዐቢይ ጾም መካከል፣ ያምሮት በርበሬ ማሳዋን ስትቆፍር መጥታ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

“እትዬ፣ ሊድሩኝ ነው። ለዳግማይ ትንሣኤ።”

“ለማን?”

“ለስመኘው። ለነመልካሙ ልጅ።”

“አንቺስ ምን አልሽ?”

“ምን እላለሁ? በረንዳው ላይ ያለማመድሽኝ ቃል አባቴ ፊት ስቆም ጠፋብኝ።”

ያምሮት ዶማዋን ጥላ ተነሣች። የነአያ ክንዱን የንስሐ አባት፣ አባ ሃይለ ሚካኤልን፣ ለምና ይዛቸው ሄደች። አያ ክንዱ ደጃቸው ላይ ሞፈር ይጠርቡ ነበር። ቄሱን ሲያዩ ተነሥተው መስቀል ተሳለሙ፤ ያምሮትን ከኋላ ሲያዩ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

“አባቴ፣ እርስዎም ከዚች ጋር መጡብኝ?”

“ልጅቱ ገና ልጅ ናት፣ ክንዱ። እኔም ተክሊል አልደግምላትም” አሉ አባ ሃይለ ሚካኤል።

አያ ክንዱ ወደ ያምሮት ዞሩ። “ትማር ልትይኝ ነው የመጣሽ። ተምራ ምን ልትሆን?”

“ነርስ ትሆናለች፣ አስተማሪ ትሆናለች። ከክፍሏ የሚቀድማት የለም፤ አስተማሪዎቿን ይጠይቁ።”

“ከሰው ተጣልቼ፣ ቃሌን አጥፌ፣ መንገድ ላይ ብትቀርብኝስ?”

“አትቀርም። እኔ ዋስ ነኝ” አለች ያምሮት። ቃሉ ከአፏ የወጣው ሳታስበው ነው፤ ግን ከልቧ ነበር።

አያ ክንዱ ሠርጉን አፈረሱ። የነመልካሙ ቤት ተቀየመ፤ ከዚያ ወዲያ ለቅሶ ካልሆነ በቀር ሰላምታ ቀረ፤ በአጨዳ ጊዜ ወንፈሉ ያለ እነሱ ሆነ። የድርጅቱ አስተባባሪ ወንድምአገኝ ግን ወሬውን ሲሰማ በደስታ ዘለለ። አያ ክንዱን ፍኖተ ሰላም አስጠርቶ በሙሉ አዳራሽ ፊት አስጨበጨበላቸው። ፎቶአቸውን በትልቅ ሸራ ላይ አትመው፣ ልጁን ለትምህርት የመረጠ አባት ብለው ጻፉበት። እሳቸውም ያን ጊዜ ትንሽ ኮሩ፤ ለሰው ሁሉ ባይናገሩም ለእንቁ፣ ለሚስታቸው፣ ደጋግመው አወሩላት።

እታለም ፈተናውን አልፋ ቡሬ ገባች። ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ልትወስድ ስትመጣ መጀመሪያ የምትገባው ያምሮት ቤት ነበር። ስለ ላቦራቶሪው፣ ስለ አዲሱ የባዮሎጂ አስተማሪ፣ የከተማ ልጆች ስለሚናገሩት ግማሽ እንግሊዝኛ ታወራላታለች። ያምሮት እየሰማች በርበሬ ትቀነጥሳለች፤ አንዳንዱ ነገር ባይገባትም አትጠይቅም፤ ልጅቱ እንዳታቋርጥ ነበር የምትፈልገው።

ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሳ ዐሥረኛን ሳትጀምር አገሩ ተናጋ። ተኩሱ አንድ ቀን በሽንዲ በኩል፣ አንድ ቀን በደምበጫ በኩል ይሰማል። መንገድ ተዘጋ፣ አውቶቡስ ቀረ፣ ትምህርት ቤትም ተዘጋ። ለጥቂት ጊዜ ነው ተባለ። እታለም ፍራሿን ተሸክማ በእግሯ መጣች።

“ደብተርሽን እንዳትጥዪ” አለቻት ያምሮት። “ሲከፈት ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ።”

መስከረም መጥቶ አለፈ። የሚቀጥለውም መጣ፤ ደወል የሚደውል አልነበረም። ኔትወርክ በተለቀቀ ቀን ወንድምአገኝ ደወለ።

“እህት ያምሮት፣ ፕሮጀክቱ ለጊዜው ቆሟል። ነገሩ ሲረጋጋ እንደዋወላለን።”

“ልጆቹን ምን ልበላቸው?”

መስመሩ ተቆረጠ፤ ከዚያም ወዲያ አልደወለም። በአንድ ገበያ ቀን ፍኖተ ሰላም ደርሶ የመጣ ጎረቤት፣ የአያ ክንዱ ፎቶ ያለበት ሸራ ለሽንኩርት ሻጭ ጥላ ሆኖ ማየቱን እየሳቀ ተናገረ። አያ ክንዱ ወሬውን ሰምተው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ያምሮት ክበቡን ብቻዋን ይዛ ቆየች። ነገር ግን በየፋሲካው ከበረንዳው ልጆች ይጎድላሉ። ህይወት የምትባለዋ ለስመኘው፣ እታለም ልትዳርለት ለነበረው ጎረምሳ፣ ተዳረች። የቀሩት ልጆች ደግሞ አባቶቻቸው ከደጅ አትውጡ እያሏቸው ከክበቡ ቀሩ። እታለም ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ቆማ ቀረች ሲሏት ሰምታ ከሰው ጋር ወንዝ መውረድ ተወች። የዘጠነኛ ክፍል መጽሐፏን ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ይዛው ነበር፤ የዐሥረኛውን ከየት ታምጣው።

ከዚያ አንድ ሰው ከደምበጫ ወዲያ ሽማግሌ ላከ። ሚስቱ የሞተችበት፣ የደረሱ ልጆች ያሉት ገበሬ ነው። ያምሮት እንደሰማች ወደ አባ ሃይለ ሚካኤል ሮጠች። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ሰሟት።

“ያኔ የምናገረው ነበረኝ፣ ልጄ። ዛሬ ምን ብዬ ደጁ ልቁም? እኔም የራሴን ልጅ ለዲያቆን ሰጥቻለሁ” አሏት።

ብቻዋን ሄደች። አያ ክንዱ ቤት ውስጥ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር።

“አያ ክንዱ፣ የሰውዬው ልጅ እኮ የሷ እኩያ ነው!”

ይቆጡኛል ብላ የጠበቀቻቸው ሰው አልተቆጡም። “ሌላ የመጣ አለ?” አሉ ቀስ ብለው። “ስመኘው ደጄ ላይ ነበር። ቢከፋት በእግሯ የምትመጣበት ነበር። እሱን አስመለስሽኝ። ዛሬ ጠመንጃ ያነገተው ሁሉ በደጄ ያልፋል፤ የደረሰች ልጅ እንዳለችኝም ያውቃል። ውሻ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይቆማል።”

“ጥቂት ቢታገሡ…”

“ታገሥሁ እኮ። ዋሷ አንቺ ነበርሽ። ሂጂና ትምህርት ቤቱን ክፈቺልኝ፤ ሠርጉን አሁን አፈርሳለሁ። በማርያም እልሻለሁ፣ አፈርሳለሁ።”

 ያምሮት ስትወጣ የበሩን መቃን ያዘች። የምትሰድበው ሰው ብታገኝ በወደደች።

ሠርጉ ላይ አልገኝም ብላ ነበር። እንቁ መጥታ ለመነቻት፤ “የልጄን ቀን ቂም አታድርጊበት” አለቻት። ሄዳ ከሴቶቹ ጋር ነጭ ሽንኩርት ስትልጥ ዋለች። ሙሽራዋ ከሚዜዎቿ ጋር በአጠገቧ ስታልፍ ቀና ብላ አየቻት። እታለም አላየቻትም፤ ወይም አይታ እንዳላየች ሆነች።

በዓመቱ እታለም የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ መጣች። ወንድ ወለደች። ያምሮት ለአራስ የሚሆን ቅቤ ይዛ ሄደች። ልጅቱ ከስታ፣ ዓይኗ ብቻ ቀርቶ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ነበር።

“እንደምን አለሽ፣ እታለም? እንኳን ማርያም ማረችሽ።”

“እንኳን አብሮ ማረን። እርስዎ ደኅና ነዎት?”

ያምሮት ደነገጠች። “አንቺ በይኝ እንጂ። ምን አጠፋሁብሽ?”

“ምንም አላጠፉም።” እታለም ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች። “ትናንት ህይወትን በበሩ በኩል አየኋት። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ስመኘው ጃንጥላ ይዞላት ነበር።”

ያምሮት በእጇ የያዘችውን ቅቤ መሬት አስቀመጠች።

“ስመኘውን ወድጄው አልነበረም፤ መማር ነበር የምፈልገው። አሁንም ቢሆን ልማር ብባል እነሣለሁ። ግን ያኔ እርስዎ ባይመጡ ኖሮ ዛሬ እናቴን በየቀኑ እያየሁ እኖር ነበር። ልተወው እላለሁ፤ አይሆንልኝም።”

“ባልሽ ይመታሻል?”

እታለም የቀሚሷን እጅጌ ወደ መዳፏ ሳብ አደረገችው። “ሕፃኑ ተኝቷል። ቀስ ብለው ያውሩ” አለች።

ያምሮት ቅቤውን ለእንቁ ሰጥታ ወጣች። ክርስትናው ሲደርስ አልሄደችም። እታለም ሕፃኑን አዝላ ወደ ደምበጫ ስትመለስ በበርበሬው ማሳ ዳር ነበር ያለፈችው፤ ያምሮት ቀና አላለችም፤ እንባዋን እንድታይባት አልፈለገችም።

በተከታዩ መስከረም የመንደሩ ትንሹ ትምህርት ቤት ተከፈተ ተባለ። አያ ክንዱ ትንሿን ልጃቸውን አደይን ከፊት አስቀድመው ያምሮት ደጅ መጡ።

“ምዝገባ ነው ብለዋል። አንቺ ውሰጃት።”

“እርስዎ ለምን አይወስዷትም?”

“ያችን ገፍቶ ይችን ሊያስተምር መጣ ይሉኛል።” መሬት መሬቱን አዩ። “ይችስ እስከ ስንተኛ ትማራለች ልትይኝ ነው?”

ድሮ ቢሆን መልሱ ምላሷ ላይ ነበር።

“እስከተከፈተ ድረስ፣ አያ ክንዱ። ከዚያ በላይ አላውቅም።”

“እሱስ ደግ” አሉና ወደ ማሳቸው ሄዱ።

ያምሮት አደይን እጇን ይዛ ጭቃውን እያሻገረች ወሰደቻት። ግቢው ውስጥ የወንዶቹ ሰልፍ እስከ አጥሩ ደርሷል። በሴቶቹ በኩል አንዲት አስተማሪ ጠረጴዛ ይዛ ተቀምጣለች፤ ከፊቷ የቆሙት ጥቂት ናቸው። ያምሮት አደይን ከመጨረሻዋ ልጅ ኋላ አቆመቻትና እሷም ከአደይ ኋላ ተሰለፈች።