አዋላጇ ፒያኖ የተፈተነችበት ቀን

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው "ሙጫው" በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ስሙ የወጣለት አናጺ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ አንድ ነገር ከያዘ ስለማይለቅ ነው። ፒያኖንም የያዘው በዚሁ ጠባዩ ነው። አርባ አንድ ዓመት ሲሞላው አንድ ደንበኛ እግሩ የወለቀ አሮጌ ፒያኖ በጋሪ አስጭኖ ወደ ሥራ ቤቱ አመጣና፣ በሳምንቱ መጥቼ እወስደዋለሁ ብሎ ሄደ። ሄዶም ቀረ። አናጺው እግሩን ጠግኖ ዓመት ሙሉ ጠበቀው። በሁለተኛው ዓመት አቧራውን ሲጠርግ ሳያስበው አንዱን ቁልፍ ነካው። ድምፁ ደስ አለውና ሌላውን ነካ። ከዚያ ወዲያ መጋዙን ባስቀመጠ ቁጥር ወንበር ስቦ ፒያኖው ፊት ይቀመጥ ጀመር።

የሚያስተምረው ሰው አልነበረም። ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ አንድ መማሪያ ገዛ፤ ቤቱ ገብቶ ሲገልጠው መሐሉ ተገንጥሎ የለም። የጎደለውን በጆሮው ሞላው። ኖታ ማንበብ የጀመረው ዘግይቶ ስለሆነ፣ ዛሬም ወረቀቱን በጣቱ እየተከተለ፣ ደብዳቤ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያነብ ሰው ቀስ እያለ ነው የሚሄደው። ጆሮው ግን አንዴ የያዘውን አይጥልም።

መጀመሪያ የጎረቤት ልጅ መጣች፤ ቀጥሎ የልጅቷ አባት። ዓመት ሳይሞላ ሥራ ቤቱ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ሆነ። ሁሉንም በአንድ ገመድ አያስርም ነበር። አርፋ መቀመጥ የማትችለዋ የስድስት ዓመት ልጅ ቆማ እንድትጫወት ወንበሩን ራቅ አደረገላት። ታክሲ ነጂው ቀኝ እጁን በኃይል ሲወረውር፣ "ወንድሜ፣ ዜማ ነው እንጂ ማርሽ አይደለም" ይለዋል። ጣታቸው ለደነደነ ጡረተኞች ዜማውን ቆራርጦ በትንሽ በትንሹ ያቀርብላቸዋል። ለሁሉም እኩል የሚሠራ ሕግ ግን ሁለት ነበረው። ዜማውን በአፉ ያላንጎራጎረ ቁልፍ አይነካም። ዜማውን የቻለ ደግሞ ከዚያው ቦታ አይጫወትም፤ እጁን አንስቶ ወደ ሌላ ቁልፍ ይወስድበትና፣ አሁን ከዚህ ጀምረው ይለዋል። ለምን ብለው ሲጠይቁት፣ ወለሉ ሲቀየር የሚንገዳገድ ወንበር ሠርቶ እንደማያውቅ ይነግራቸዋል።

እንዲህ እያለ ብዙ ዓመት አስተማረ። ችግሩ የመጣው ከከተማው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ፈተና ይሰጣል፤ ለፈተናው የሚቀርቡት ግን እውቅና ያለው አስተማሪ ያላቸው ብቻ ናቸው። አናጺው ሦስት ጊዜ አመለከተ፤ የምስክር ወረቀት የለህም ተብሎ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። ከተማሪዎቹ ሁሉ የምትበልጠው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ አንድ ቀን መሬት መሬት እያየች መጣችና፣ ዘንድሮም ካልሆነ ልጅቷን ወደ ሌላ አስተማሪ ለመውሰድ እንደሚገደዱ ነገረችው። አልተቀየማትም። ግን እሷ ከሄደች ሌሎቹም አንድ ባንድ እንደሚከተሏት፣ ፒያኖውም ተመልሶ የአናጺ ቤት ዕቃ እንደሚሆን ገባው።

በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤቱ አዲስ ርዕሰ መምህርት ተሾመችለት። ለአራተኛው ማመልከቻው የሰጠችው መልስ አጭር ነበር፤ ከዜሮ ያስጀመሩትን አንድ ተማሪ ይዘው ይምጡ፣ እሱን ሰምተን እንወስናለን የሚል።

ሚስቱ ነገሩ ያለቀ መሰላት። ልጅቷን ይዘህ ሂድ አለችው። እሱ እንቢ አለ፤ ልጅቷን መጀመሪያ ያስጀመራት አጎቷ ነው፣ እኔ ጋ የመጣችው እጇን ፈትታ ነው፣ ዜሮ ማለት ዜሮ ነው አለ። ይዞ ሊሄድ ያሰበው አዋላጇን ነበር። አዋላጇ በጡረታ የወጣች ሳምንት፣ በስድሳ አራት ዓመቷ፣ ያለ ቀጠሮ የመጣች ተማሪ ናት። ከዚያ በፊት የሙዚቃ መሣሪያ ነክታ አታውቅም፤ ጆሮዋ ግን ዕድሜ ልኳን የፅንስ የልብ ምት ሲያዳምጥ የኖረ ነው።

"ልጅቱን ትተህ አሮጊት ይዘህ ልትሄድ?" አለች ሚስቱ።

"አሮጊቷ ደጅ ቆማ እየሰማችሽ ነው" አለች አዋላጇ ከበሩ ውጭ።

ሚስቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ይቅርታ ለመጠየቅ አንድ ሳምንት ፈጀባት።

የፈተናው ቀን ጠዋት በአዳራሹ ውስጥ ርዕሰ መምህርቷና አንድ ወጣት መምህር ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠው ጠበቋቸው። አናጺው የሠርግ ኮቱን ለብሶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። የተመረጠው ዜማ ቀላል ነበር፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በነጭ ቁልፎች ላይ ብቻ የሚሄድ። አዋላጇ መነጽሯን አድርጋ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ቁልፍ ነካችና እጇን አነሳች። እንደገና ነካች። አንገቷን አዘነበለች። ከዚያ በለሆሳስ አንጎራጎረችና እጇን አንድ ቁልፍ ወደ ግራ ወስዳ ጀመረች።

አናጺው ላብ ላብ አለው። ነጭ በነጭ መሆን የነበረበት ዜማ ጥቁሮቹ ላይ ወጣ። ወጣቱ መምህር ከመቀመጫው ተነስቶ አንዴ እጇን፣ አንዴ ወረቀቱን ማየት ያዘ። እሷ ማንንም አላየች። ቀስ አለች፣ አንድ ቦታ ተደናቀፈች፣ ፈልጋ አገኘችው፣ ጨረሰች።

ወጣቱ በትሕትና ነበር የተናገረው። የተጫወቱት ወረቀቱ ላይ ያለውን አይደለም፣ ከመጀመሪያው ቁልፍ ጀምሮ ስህተት ነው አላት።

"ልጄ፣ ስህተቱ የፒያኖው ነው" አለች። "ከልኩ ከፍ ብሏል።"

ወጣቱ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ ፒያኖው የተቃኘው ትናንት መሆኑን ነገራት።

ይህን ጊዜ አናጺው አንድ ነገር ትዝ አለው። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የእሱን ፒያኖ ሊቃኝ የመጣ ባለሙያ፣ ሽቦዎቹ አርጅተዋል፣ እስከ ልካቸው ባጠብቃቸው ይበጠሳሉ፣ ሁሉንም እኩል ግማሽ ድምፅ፣ የአንድ ቁልፍ ያህል፣ ዝቅ ላድርጋቸው ብሎት ነበር። እሺ አለው። ቁልፎቹ እርስ በርሳቸው ስለተስማሙ ከዚያ በኋላ ረሳው። አዋላጇ ሌላ ፒያኖ ነክታ ስለማታውቅ፣ የዚህን አዳራሽ ፒያኖ ስትሰማው የምታውቀው ዜማ ከፍ አለባት፤ ስለዚህ የለመደችውን ድምፅ ፍለጋ ወደ ግራ ሄደች።

ዝም ቢል፣ ደንግጣ ነው ተብሎ ሊያልፍ ይችል ነበር። ጥፋቱ ግን በእሷ ላይ ሊቀር ነው። ግድግዳውን ለቀቀ።

"ስህተቱ የእሳቸው አይደለም፤ የእኔ ነው" አለና ሁሉንም ሳያስቀር ተናገረ። "አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን ዝቅ ባለ ፒያኖ ነው ያስተማርኩት። አንዳቸውም አልነገሩኝም። እኔም አላወቅኩም።"

ርዕሰ መምህርቷ ወደ አዋላጇ ዞራ፣ ዜማውን ከዚያ ቁልፍ ጀምረው ተለማምደውት ያውቃሉ ወይ ስትል ጠየቀቻት።

"ከዚያስ ጀምሬው አላውቅም" አለች አዋላጇ። "ከሌላ ከሌላ ቦታ ግን ያስጀምረኛል። ዜማው አይጥፋዎት እንጂ ቁልፉን ያገኙታል ይለኛል።"

ርዕሰ መምህርቷ አሁን ደግሞ ወረቀቱ እንደሚለው ይጫወቱት አለቻት። አዋላጇ ከፍ አድርጋ አንጎራጎረች፤ ፊቷን አጨፈገገች፤ ጆሮዋ እየተቃወማትም ቢሆን መሐል ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አቋርጣ ተጫወተችው። ከዚያ ርዕሰ መምህርቷ ወደ ወጣቱ ዞር አለችና፣ ለምረቃህ የተጫወትከውን አንድ ቁልፍ ወደ ግራ አድርገህ ታሰማናለህ ስትል በፈገግታ ጠየቀችው። ወጣቱ ጆሮው ድረስ ቀላ። ጥቂት ቀን ቢሰጠኝ አለ።

"ኖታ ማንበብ ላይ ደከም ይላሉ የሚባለው እውነት ነው?" አለችው አናጺውን።

"እውነት ነው።"

"እንግዲያው በሳምንት አንድ ቀን እዚህ እየመጡ ከእሱ ጋር ያነባሉ። እሱም ከእርስዎ ጋር ያንጎራጉራል። የፒያኖውንም ነገር ለተማሪዎችዎ ሁሉ ይንገሯቸው፤ ሌላ ቦታ ሄደው እንዳይደነግጡ።" ማመልከቻውን ወደ ራሷ ሳበችና ፈረመችበት። "ተማሪዎችዎን ለዘንድሮው ፈተና ያስመዝግቡ።"

ሲወጡ አናጺው ኮቱ ይቆሽሻል ሳይል የደጁ ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። አዋላጇም እየተቃሰተች አጠገቡ ተቀመጠች።

"የተበላሸ ፒያኖ ላይ አስተምረህ በስተርጅናዬ ልታዋርደኝ ነበር እኮ" አለችው።

መሳቅ ጀመረ፤ ማቆምም አቃተው። እሷም ተከተለችው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ምን ሆነው ነው ብሎ ከጎጆው ወጥቶ አያቸው።

መጀመሪያ የሄደው ወደ ልጅቷ ቤት ነው። እናቷ በሩን ስትከፍት የተፈረመውን ወረቀት ዘረጋላት፤ ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ለሚስቱ ባጭሩ ነገራትና ከነጫማው አልጋው ላይ ጋደም አለ። ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ መምጣት ሲጀምሩ ሚስቱ ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀመጠች። ታክሲ ነጂው መጣ፤ ቆማ የምትጫወተዋ ልጅ መጣች። ለሁሉም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ተኝቷል፣ ነገ ኑ እያለች መለሰቻቸው።