የሙሽራዋ በቅሎ ግብር

ቦጋለች በእስቴ፣ በመካነ ኢየሱስ ከተማ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ደመወዝ አዘጋጅ ነበረች። ድምፅዋ መረዋ ነው፤ በከተማው ሰርግ ያለ እሷ አይደምቅም። የሥራ ግብር ስታሰላ እንኳ ታንጎራጉራለች። የሚያውቋት ግን ሌላም ያወራሉ፦ ለእናቷ ልጅም ቢሆን ከሕግ ውጭ ሳንቲም አታሳልፍም።

በደርግ ጊዜ ነው፤ በአንዱ ጥር መግቢያ ላይ አዲስ መመሪያ ደረሰ። ቀድሞ ግብር የሚቆረጠው ከደመወዝ ብቻ ነበር። አሁን ግን ሠራተኛው በዓይነት የሚያገኘው ሁሉ፣ ቤትም ይሁን ቀለብ፣ የመሥሪያ ቤቱን ንብረት ለግል ጉዳይ መጠቀምም ቢሆን፣ በገንዘብ ተገምቶ በደመወዝ መክፈያው ላይ ይግባ፣ ግብሩም ይቆረጥ ይላል።

ብዙም ሳይቆይ ደምሌ እየሮጠ ቢሮዋ ገባ። ደምሌ በመሥሪያ ቤቱ በቅሎ አገሩን እየዞረ ከብት የሚከትብ ወጣት ነው። ሰርጉ እሑድ ነው፤ ሙሽራዋ ይታይሽ የስማዳ ልጅ ናት።

«እትዬ ቦጋለች፣ ጉድ ሆንኩልዎ!»

«ምነው፣ ልጅቱ እምቢ አለች?»

«እሷማ በእግሯም ትመጣ ነበር። አባቷ ናቸው እንጂ፣ ‹ልጄ ያለ በቅሎ ከደጄ አትወጣም› ያሉት። በጥር ደግሞ ያገሩ በቅሎ ሁሉ ለሰርግ ተይዟል። የመሥሪያ ቤቱን በቅሎ ልውሰዳት፤ እርስዎ ብቻ ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ።»

«አልጨፍንም።»

የደምሌ ፊት እንደ ክረምት ሰማይ ጠቆረ።

«እጽፋታለሁ» አለች ቦጋለች።

«ሙሽራዬን?»

«በቅሎዋን እንጂ፣ አንተ ጅል! የአንድ ቀን ኪራይዋ በገበያ ዋጋ ተገምቶ እንደ ጥቅም ይያዝልሃል፤ ግብሩ ከጥር ደመወዝህ ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ለምን ተደብቀህ ትሄዳለህ? እየጨፈርህ ሂድ!»

የቀረው የኃላፊው የጓድ አበጀ ፊርማ ነበር፤ ሁለቱም ተያይዘው ቢሯቸው ገቡ። ጓድ አበጀ ወረቀቱን አገላብጠው አዩት።

«ወይዘሮ ቦጋለች፣ የመንግሥት በቅሎ ሙሽራ ጫነች ቢባል ምን ልመልስ ነው?»

«ግብር ከፍላ ነው የጫነችው ይበሉ።»

«ብትሰነከልስ?»

«ገደል ለገደል ለክትባት ስትወርድ ያልተሰነከለች፣ አንዲት ቀጭን ልጅ ይዛ ልትሰነከል?»

ጓድ አበጀ ሳቅ አመለጣቸው፤ ፈረሙ። «ሰኞ ጠዋት ግን ሥራ አላት» አሉ።

«ጓድ፣ የሰርጌ ማግሥት!» አለ ደምሌ።

«በቅሎዋን ነው ያልኩህ። አንተማ ፈቃድ ላይ ነህ፤ ተኛ።»

እሑድ፣ ጤዛው ከሣሩ ላይ ሳይደርቅ፣ ሰርገኛው ስማዳ ደረሰ። የይታይሽ አባት ወጡ፤ የበቅሎዋን ጥርስ አዩ፣ ኮርቻዋን ነቅነቅ አደረጉ።

«የማን ናት?»

ደምሌ ደረቱን ነፋ። «የመሥሪያ ቤቴ ናት፣ አባቴ። ለዛሬ ግን ግብሯን የምከፍል እኔ ነኝ።»

«ግብር?» ሽማግሌው ግንባራቸውን ቋጠሩ፤ ወዲያው ፈገግ አሉ። «ግብር የሚከፍልማ ባለቤት ነው። በሉ፣ ልጄን አውጧት።»

ይታይሽ ተሸፍና ወጣች። ኮርቻው ላይ ሲያወጧት ከሰርገኛው ጋር የመጣችው ቦጋለች ከበሮውን አነሣች፤ የስማዳ ሸለቆም ድምፅዋን ተቀበለ።

ነይ በይ ይታይሽ፣ ምን ያስፈራሻል፣
የበቅሎዋ ግብር ታስቦልሻል።

ሰርገኛው እየሳቀ ተቀበላት። ከሻሹ ሥር የሙሽራዋ ትከሻ በሳቅ ተንቀጠቀጠ፤ በቅሎዋም ጆሮዋን አቁማ ሽቅብ ወደ እስቴ መንገድ ጀመረች።