«ሄዱ» ካሉህ ስንት ሰው እንደሆነ ጠይቅ

ታላቅ ወንድሜ ለሥራ መንገድ ለሚበዛባቸው ሰዎች ከሚሰጠው ምክር ብዙው በገላው ላይ ጠባሳ ነበረው። ክራቫት አስረህ አትጓዝ ይል ነበር። አንድ ሰካራም በገዛ ክራቫቱ አንቆ ፊቱን ከመጠጥ ቤት ጠረጴዛ ጋር ሲያላትመው ሁለት የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል። ጫማህን አልጋ ሥር አትወርውር፣ እጅህ የሚደርስበት አድርገው ይላል። ይህን ማለት የጀመረው ያረፈበት ሆቴል ተዘርፎ በባዶ እግሩ በመስታወት ስብርባሪ ላይ ሮጦ ካመለጠ ወዲህ ነው፤ ቀኝ እግሩ እስከ መጨረሻው አልተስተካከለም። ከራስህ በላይ ብረት አታስቀምጥ የሚለው ብቻ ያለ ጠባሳ የተገኘ ነው። አውቶቡስ ሲገለበጥ ከላይ የነበረ ክሪክ ወርዶ የሰነጠቀው የእሱን ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ግንባር ነበር። ነፍሱ እስክትወጣ የሰውዬውን ጭንቅላት ታቅፎ የቆየው ወንድሜ ነው።

ሥራው የነዳጅ ማደያ ማሽኖችን መጠገንና መፈተሽ ነበር። ከከተማ ከተማ ሲዞር ስለሚኖር ባልደረቦቹ «ተሳፋሪው» ይሉታል። ሚስቱ ደግሞ ቤቱ ሲገባ የክፍሉን ቁልፍ እኔን ይጠይቀኛል፣ ቁርስ እስከ ስንት ሰዓት ነው ሊለኝ ምን ቀረው እያለች ታስቀን ነበር። እሱም አይቀየምም፤ አልጋው ይመቻል፣ አስተናጋጇ ግን ትቆጣለች ይላታል።

አዳዲስ ቴክኒሻኖች ለመንገድ ሲነሱ ሻይ ጋብዞ ሳይመክራቸው አይለቃቸውም። በተለይ የሚኮራባቸው ሁለት ምክሮች ነበሩት። አንደኛው፣ በር ሲንኳኳ ብቻህን መሆንህን አታሳውቅ፣ «እየመጣን ነው» በል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ከመክፈትህ በፊት እንግዳ ተቀባይዋ ጋ ደውል፣ ከበሩ ይልቅ እሷን እመን የሚል። ብዙ ጊዜ አድነውታል።

በመጨረሻው ጉዞው የፈተሸው ማደያ ማሽኑ በየሊትሩ ያጎድል ነበር። ወንድሜ ማሽኑን አሸገው። የማደያው ባለቤት ሸበቶ፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው ነው። ከእሱ ጋር ሁለት ታናናሽ ወንድሞቹ ይሠራሉ። ባለቤቱ ቆሞ እያየ፣ ከታናናሾቹ አንዱ ወንድሜን በጥፊ መትቶ ከማሽኑ ጋር አጣበቀውና በሠራተኞቹ ፊት ጠየቀው።

«ይቺን እሽግ ትፈታታለህ፣ ወይስ እጅህን እንፍታልህ?»

«እጄን ከፈታችሁት እሽጉን ማን ይፈታላችኋል?» አለው ወንድሜ። ከሠራተኞቹ አንዱ ሳቁ አመለጠው። በዚያ ሳቅ የተነሳ ወንድሜ ሆዱን በእርግጫ ተመታ፤ ገላጋዮች ባይገቡ እዚያው ይጨርሱት ነበር።

ያረፈበት ሆቴል እንደደረሰ የመሥሪያ ቤቱ መኪና መጥታ እንድታወጣው ደወለ። በሩን ቆልፎ ወንበር ከእጀታው ሥር ወተፈና በመስኮት ይጠባበቅ ጀመር። ከመኪናዋ በፊት የደረሱት ሦስቱ ወንድማማቾች ናቸው። በመኪናቸው መጥተው ሲወርዱ አያቸው፤ አንደኛው የጎማ መፍቻ ይዟል። ወዲያው ወደ እንግዳ ተቀባይዋ ደውሎ፣ የሚጠይቀኝ ከመጣ የለም በይልኝ አላት።

ከዚህ በኋላ የሆነውን እሷ ፍርድ ቤት በሰጠችው ቃልና ወንድሜ ራሱ በነገረን አውቀዋለሁ። ወደ እሷ የመጣው ሸበቶው ብቻ ነበር። ሰላምታ ሰጥቶ ወንድሜን ጠየቃት፤ የሉም ስትለው ውሃ ጠጥቶ፣ እንግዲህ ሌላ ቀን እመለሳለሁ ብሏት ተነሳ። ታናናሾቹ በልብስ ማጠቢያው በኩል ባለው የጓሮ ደረጃ ሽቅብ ወጥተው ነበር። እሷ አላየቻቸውም።

የመሥሪያ ቤቱ መኪና ደርሳ ክላክስ አደረገች። ወንድሜ ሻንጣውን አንስቶ፣ ምክሩን አስታውሶ፣ ስልኩን አነሳ።

«የኔ እህት፣ ሄዱ?»

«አዎ ጋሼ፣ ሄዱ። አሁን እስከ በሩ ሸኘኋቸው።»

እሱ የጠየቀው ስለ ሦስቱ ነው። እሷ የመለሰችው ጨዋ አስተዳደግ ያላት ልጅ እንደምትመልሰው ስለ አንድ ትልቅ ሰው ነው። ወንድሜ ወንበሩን ከእጀታው ሥር አወጣና በሩን ከፈተ።

የመጀመሪያው ምት የቀኝ እጁ አንጓ ላይ አረፈ። ሻንጣው ሲወድቅ እጁን ጎትተው ከበሩ መቃን ላይ አስደገፉትና፣ እንዳሉት፣ ጣቶቹን በመፍቻው አንድ በአንድ ፈቱለት። በግራ እጁ ወንበሩን አንስቶ የአንደኛውን አፍንጫ ሰበረ፤ ደም ግድግዳው ላይ ተረጨ። ያን ጊዜ ነው ሌላኛው በመፍቻው ራሱን የመታው። ሲወድቅም አልተዉትም፤ የጎድን አጥንቱ ሲሰበር ታች ይሰማ ነበር ብላለች እንግዳ ተቀባይዋ። ሾፌሩ ሲደርስ ጫማቸው የደም አሻራ እየተወ በጓሮው ደረጃ ወርደው አምልጠዋል።

ሆስፒታል ስደርስ ሚስቱ ግራ እጁን ይዛለች። ፊቱ አብጦ አንድ ዓይኑ ብቻ ነበር የሚታየው። የሆነውን እየቆራረጠ ነገረንና፣ ልጅቷን እንዳትወቅሷት አለ። ቀጥሎ እኔን ፈለገኝ።

«አንቺ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ልጆች ንገሪልኝ። ‹ሄዱ?› ብለው አይጠይቁ። ‹ስንት ሰው ሄደ?› ይበሉ።»

«እሺ ጋሼ፣ እነግራቸዋለሁ። አሁን አትናገር።»

«ተሳፋሪ ካልተናገረ ወራጅ መሆኑን ማን ያውቃል» አለና ሊስቅ ሲሞክር ደም አሳለው። ደሙ አልቆም ሲል ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ወሰዱት።

እኔና ሚስቱ በአግዳሚው ወንበር ላይ ተያይዘን ተቀመጥን። በሩ ሲከፈት አንዲት ነርስ ጓንቷን እያወለቀች ወጣች። ወጣት ናት፤ እሷም ጨዋ አስተዳደግ ያላት። አጠገባችን መጥታ ቀስ ብላ፣ «አርፈዋል» አለችን።

ሚስቱ እጄን ለቀቀች። ተመስገን አለች፤ ትንሽ እንቅልፍ ይውሰደው፣ እኛም ጸጥ እንበል።

እኔ ግን ምክሩ ገና ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ተነስቼ ነርሷን ጠየቅኳት።

«እንቅልፍ ነው?»

ነርሷ ሚስቱን አየቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።