አባቴ ስለ ሞት ያወያዩባቸው ቅዳሜዎች

አባቴ መምህር ማርቆስ ዳና ባለፈው ሳምንት ሲቀላ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው ማረፋቸውን ለምታውቋቸው ሁሉ ሳረዳ ሐዘኔ ጥልቅ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ከሐዘኔ ጋር ቅናትም አለብኝ፤ የምቀናውም በእናንተው ነው።

አባቴ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዕድራችን አዳራሽ አግዳሚ ወንበር ደርድረው ሰውን ስለ ሞት ያወያዩ ነበር። ለዚህ ያነሣሣቸው የአንድ ጎረቤታችን ነገር ነው። ልጁ ሞቶ ሳለ «ትንሽ አሞታል፣ ቶሎ ና» ተብሎ ለበሽተኛው ብርቱካን ገዝቶ ከምዕራብ ዓባያ መጣ። ድንኳኑን ያየው ብርቱካኑን እንዳንጠለጠለ ነው። አባቴ ከዚያ በኋላ «ሰውን በውሸት ወደ ለቅሶ አትጥሩት» ማለት አበዙ።

ከጫሞ ሐይቅ ዓሣ እያመጡ የሚሸጡት ወይዘሮ አበበች ባላቸውን ቀብረው ለወራት ዝም ብለው ከርመዋል። የተነፈሱት እዚያ አግዳሚ ላይ ነው። አባቴ «በቃ፣ አይዞሽ» ብለው አላስቆሟቸውም። «አበበች፣ ባልሽን ምን ያስቀው ነበር?» ብለው ጠየቁና እስኪጨርሱ ሰሟቸው።

እኔ አንድም ቀን አልሄድኩም። ሳምንቱን ሙሉ ሴቻ ሰፈር ቢሮ ስለምውል ቅዳሜ ልብስ አጥባለሁ እል ነበር። አንድ ጊዜ «ልጄ፣ እኔ የሞትኩ ዕለት...» ብለው ሲጀምሩ «አባዬ፣ አታሟርት!» ብዬ ታክሲ ውስጥ ገባሁ።

ስለዚህ በቀብራቸው የትኛው መዝሙር እንደሚዘመር የነገሩን ወይዘሮ አበበች ሆኑ። ኮታቸው ለማን እንደሚሰጥ የሚያውቀውም ሌላ የቅዳሜ ሰው ነበር። በገዛ አባቴ ለቅሶ እንግዳ ሆንኩ። «እኔ እያለሁ ለእናንተ ይናገራል?» ብዬ ወይዘሮ አበበች ላይ ጮኽኩ።

እጄን ያዙኝ። «ስንት ጊዜ ጀመሩልሽ፣ የኔ ልጅ! ‹ልጄ ትፈራለች፤ እስክትደፍር እናንተ ያዙልኝ› ነው ያሉን» አሉኝ።



አባዬ፣ ሌላው ሁሉ አንቱ ይልህ ነበር፤ አንተ የምልህ እኔ ብቻ ነኝ። በመጨረሻው ቀን «ሐኪሙ ይሻልሃል ብሏል» ብዬ ዋሸሁህ። ውሸት ለማንም የማታልፈው ሰውዬ ፈገግ ብለህ «እሺ፣ ልጄ» አልከኝ። የፊታችን ቅዳሜ አዳራሹ ሄጄ፣ ፈርቼ እንደዋሸሁህ እናገራለሁ። በሰላም እረፍ። መዝሙሩም ኮቱም የእነሱ ይሁን፤ ያ «እሺ» ግን የእኔ ብቻ ነው።