አባቴ ያላዩት እጅ

እንዲህ ቁጭ ብዬ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ትምህርቴን ስምንተኛ ላይ ካቆምኩ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ለመፈረም ብቻ ነው፤ በአፌም ቢሆን ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል። የአባቴን ነገር ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌያችን አባቴ በሰላምታ የታወቁ ናቸው። ሽማግሌ ከሩቅ ካዩ ከበቅሎ ይወርዳሉ፤ የሕፃኑን ደኅንነት እንኳ ሳይጠይቁ አያልፉም። ባለፈው ዓመት ግን አንድ ለቅሶ ላይ አበልጃቸው፣ የታላቅ ወንድሜ የክርስትና አባት፣ አጠገባቸው መጥተው እጃቸውን ሲዘረጉ አባቴ ዘወር እንኳ አላሉም። የአበልጃቸው እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ድንኳን ሙሉ ሰው አየ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አበልጃችን ደጃችንን መርገጥ ተዉ። ሽማግሌ ተቀመጠ። አባቴ አላየሁም ብለው ማሉ፤ ያመናቸው ግን የለም። ከገደሉ ማዶ የሚግጡት በጎች የማን እንደሆኑ የሚለዩ፣ ለእናቴ መርፌ ላይ ክር የሚያስገቡ ሰው እንዴት የተዘረጋ እጅ ሳያዩ ይቀራሉ? ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ዓይንህስ ደኅና ነው፣ የጠፋብህ ሌላ ነው ብለው ነካ አደረጓቸው። አባቴ አንገታቸውን ደፉ።

እኔ የማውቀው ነገር ነበር። ገበያ አብረን ስንሄድ በቀኛቸው ከሆንኩ ጨዋታችን ደርቶ እንደርሳለን፤ በግራቸው ከሆንኩ ግን ይጋፉኛል፣ መኖሬንም አያውቁም። ሽማግሌዎቹ ፊት አፌ አልከፈት አለኝ። በማግስቱ አበልጃችን የሚያርሱበት ማሳ ድረስ ሄጄ፣ በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ፣ በግራቸው ያለውን አያዩም፣ እርስዎም ያን ቀን የመጡት በግራቸው ነበር ብዬ ነገርኳቸው። በሬዎቻቸውን ነድተው ማረሳቸውን ቀጠሉ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ግን በአባቴ ግራ ጠጋ ብለው ሲራመዱ አየኋቸው። ጥቂት እንደሄዱ አባቴ ገጯቸው፤ ማን መሆኑን ሳያዩ ይቅርታ ይቅርታ አሉ። አበልጃችን ቆመው ቀሩ። በዚያው ሳምንት የዓይን ምርመራ አለ ሲባል ሆስፒታል የወሰዷቸው እሳቸው ናቸው፤ እኔም ተከተልኩ።

ባለሙያዋ የአባቴን ቀኝ ዓይን አስከድና፣ አፍንጫዬን ብቻ ይመልከቱ፣ ጣቴ ሲታይዎት ይንገሩኝ አለቻቸው። ጣቷ ከግራ ጆሯቸው በኩል ቀስ እያለ መጣ፤ አባቴ ዝም። አበልጃችን ሳቅ ጀምረው ነበር፣ መሃል ላይ ተዉት። የዓይናቸው ግፊት ሲለካ ከፍ ብሎ ተገኘ። ግላኮማ ነው አለች። ሳያምም እይታን ከዳር ከዳር ይበላል፣ መሃሉን ለመጨረሻ ስለሚተወው ሰው አይነቃም። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን ጠብታ በየማታው ከተደረገና ክትትል ካለ ማቆየት ይቻላል። በዘር ስለሚሄድ ልጆችዎም ይታዩ ብላ እኔን አየችኝ።

ጥቂት ጊዜ ጠብታውን አደረግሁላቸው። ከዚያ እንቢ አሉ። ያቃጥለኛል፣ ደግሞ ምን ጨመረልኝ አሉኝ። ብለምን ብለምን አልሆነም። የቀረችውም ብርሃን እንዳትሄድ ፈርቼ ተመልሼ አበልጃችን ዘንድ ሄድኩ። ማታውኑ መጡ፤ ስለ ዓይን ግን አላነሱም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ ሲያወሩ ቆይተው፣

«አበልጅ፣ እርከን የምንሠራው ዓባይ የወሰደውን አፈር ሊመልስልን ነው እንዴ?» አሉ።

«የቀረውን ልንይዝ ነው እንጂ።»

«እንግዲያ ጠብታህን አድርግ። ደግሞ ለቅሶ ላይ እጄን አንጠልጥለህ እንዳታስቀረኝ።»

አባቴ ሳቁ። ካኮረፉ ወዲህ አብረው ሲስቁ የሰማሁት ያኔ ነው።

አበልጃችን ከሄዱ በኋላ አባቴ ራሳቸው ጠሩኝ። መደቡ ላይ ጋደም ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው ጠበቁኝ። ጠብታውን አደረግሁላቸው። ዓይናቸውን እንደጨፈኑ እጄን ያዙና፣

«ሰኞ ያንቺንም ዓይን ያዩልሻል፣ ልጄ። አትፍሪ፣ እኔ ይዤሽ እሄዳለሁ» አሉኝ።