ሞላሌ ላይ የበላነው የአራስ ገንፎ

በ2011 ዓ.ም. ክረምት፣ በሐምሌ ወር ነው። ከዚያ ወዲህ የሠርግም የክርስትናም ብዙ ማዕድ ቀርቤያለሁ። ምግብ ፊቴ ቀርቦ «ተመስገን» ስል ግን ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ሞላሌ ላይ የበላሁት እራት ነው።

ረቡዕ ጠዋት የልጄ ባል ጌትነት ከመሐል ሜዳ ደወለልኝ። ትዕግሥት ምጥ ይዟት ሆስፒታል ገብታለች አለኝ። ቀኗ ገና ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የመጀመሪያ ልጇን ስትገላገል ሕፃኑ ሳያለቅስ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ስለ ልጅ ጮክ ብሎ የሚያወራ ሰው አልነበረም።

ለአራስ ቤት ብዬ ያዘጋጀሁትን የገብስ ገንፎ ዱቄት ይዤ ከደብረ ብርሃን ተሳፈርኩ። ጣርማ በርን ካለፍን በኋላ ለጋውን ቅቤ መደርደሪያ ላይ ትቼው መምጣቴ ትዝ አለኝ። ዱቄቱን ይዤ ቅቤውን መርሳቴ አናደደኝ። ለማን ይነገራል? እግዚአብሔርን ብቻ «አየህልኝ?» አልኩት።

ሞላሌ የደረስነው ወደ ማታ ነው። ከከተማዋ ጥቂት እንደወጣን አንድ የጭነት መኪና በጭቃ ተንሸራቶ መንገዱን አግድም ዘግቶታል። ሾፌራችን ወርዶ አየውና እስኪነጋ የሚነሳ አይደለም አለ። ዕቃዬን አንስቼ በእግሬ እሄዳለሁ ብዬ ወረድኩ። ሾፌሩ ተከተለኝ። ጭጋጉ ከመንገዱ ዳር ያለውን አጥር እንኳ አያሳይም ነበር።

«እማማ፣ እርስዎን ስፈልግ ልደር ወይስ መኪናዬን ልጠብቅ?» አለኝ።

ሳቅ አልመጣልኝም። ዕቃዬን ግን ተቀበለኝ፣ ተመለስኩ።

ወደ ከተማዋ ዞረን እትዬ በላይነሽ የሚባሉ ሴት ምግብ ቤት ገባን። በዚያ ዝናብ ይህን ያህል እንግዳ አልጠበቁም። ለየብቻ ላቅርብ ካልኩ አይበቃም ብለው ያላቸውን ሽሮ፣ ምስርና ጎመን በአንድ ሰፊ ትሪ አደረጉት። ጠረጴዛ ገጥመው ዙሪያውን አስቀመጡን። ቀኑን ሙሉ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን የመጣን ሰዎች ፊት ለፊት ተያየን።

ከጎኔ የተቀመጡት የበግ ፀጉር ባና የለበሱ ሽማግሌ ነበሩ፤ አያ ደምሴ ይባላሉ። ከጓሳ ማዶ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ደብረ ብርሃን ዓይናቸውን ታክመው መመለሳቸው ነበር፤ አንዱ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኗል።

እዚያ ቤት ኔትወርክ የሚገኘው በመስኮቱ ደፍ ላይ ብቻ ነው። ሾፌሩ ስልኬን ተቀብሎ እዚያ አቆመልኝ። ማንም እንዳይነካው ለሁሉም ተናገረ።

እኔ እህል አልወርድ አለኝ። እጄን ወደ ትሪው እሰድና ባዶውን እመልሰዋለሁ።

«በአንድ ዓይኔ እንኳ አለመብላትሽ ይታየኛል» አሉኝ አያ ደምሴ።

ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ሳያለቅስ ስለቀረው ሕፃንም ነገርኳቸው። ለማላውቀው ሰው የቤቴን ነገር ማውራት ልማዴ አይደለም። አያ ደምሴ ሰምተው ሲጨርሱ እጃቸውን ከትሪው አነሱ። ይህን ያዩት ሌሎቹም አንድ በአንድ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«የክርስትና ስሟ ማን ነው?» አሉኝ።

«ወለተ ማርያም።»

ባናቸውን ሰብስበው ተነሡ። ሁሉም ተነሣ። አቡነ ዘበሰማያት ደገሙና «እመቤቴ፣ ወለተ ማርያምን ከነፍሬዋ በሰላም አውጪያት» አሉ። ሾፌሩ ኮፍያውን አውልቆ ከሁሉም ዘግይቶ አሜን ሲል ሰማሁት።

ስንቀመጥ አያ ደምሴ እንጀራ ጠቅልለው ወደ አፌ አቀረቡ። አንቺ ካልጎረስሽ ይህ ሁሉ ሰው ጦሙን ማደሩ ነው፣ ኃጢአቱ በማን ይሁን አሉኝ። ሾፌሩ ቶሎ ብሎ «በእኔ ብቻ አይሁን» አለና ትሪውን ተጠጋ። ጎረስኩ። ሽሮው ጥሩ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ምንም እንዳልቀመስኩ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁላችንም አንድ ዓይናችንን መስኮቱ ላይ አድርገን በላን።

ስልኩ ሲጮህ እጅ ሁሉ ትሪው ላይ ቆመ። ሾፌሩ ቀድሞኝ ደረሰና ከደፉ ሳያነሳ ድምፁን ከፈተው።

«እማዬ፣ ማርያም ማረቻት። ሴት ናት» አለ ጌትነት።

«አለቀሰች?» አልኩት።

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። የመስኮቱን እንጨት ያዝኩ። ጌትነት ግን ስልኩን ይዞ ወደ ውስጥ እየሄደ ኖሯል። ትንሽ ቆይቶ ቀጭን የሕፃን ለቅሶ ምግብ ቤቱን ሞላው። ቁጡ ለቅሶ ነበር።

እትዬ በላይነሽ እልልታውን አቀለጡት። ሌሎቹ ሴቶች ተቀበሏቸው። በእኛ አገር ለሴት ልጅ ሦስት እልልታ ነው፣ ለወንድ ሰባት። እሳቸው ከሰባትም አለፉ።

«በላይነሽ፣ ሴት ናት እኮ የተባለው» አሏቸው አያ ደምሴ።

«እኔ ስደሰት መቁጠር አይሆንልኝም። እርስዎ ይቁጠሩልኝ» አሉና ቀጠሉ።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፈተ። አንዲት የሰፈር ሴት በዝናቡ ነጠላዋን ተከናንባ፣ በሳህን ለጋ ቅቤ ይዛ ገባች። እልልታውን ሰምታ ነው። አገሬው እልልታ ሲሰማ ማን ወለደ ብሎ አያጣራም፣ ያለውን ይዞ ይመጣል።

«አራሷ የት አለች?» አለች።

ሾፌሩ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ወደ እኔ አመለከተ። «እኚህ ናቸው።»

ሴትዮዋ ሽበቴን አየች። ሾፌሩን አየች። ተመልሳ እኔን አየች።

«ማርያም ምን ይሳናታል፣ ሣራም በስተርጅናዋ ነው የወለደችው። እንኳን ማረችዎት» ብላ ጎንበስ አለች።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ ሳቁ ዕንባዬን ይዞት መጣ። ነገሩን ስንነግራት እሷም ሳህኗን እንደያዘች በሩን ተደግፋ ሳቀች።

እትዬ በላይነሽ እልል የተባለበት ቤት ገንፎ ሳይበላበት አያድርም አሉ። የገንፎ ዱቄት ግን አልነበራቸውም። ዕቃዬን ፈታሁና ለልጄ ከያዝኩት ግማሹን ሰጠኋቸው። እሳቸው አገነፉ፣ እኔ ድስቱን ያዝኩላቸው። ቀኑ ረቡዕ ስለሆነ መሐሉን በቅቤ ፈንታ በተልባና በበርበሬ ሞላነው። ሾፌሩ ቸኩሎ ጣቱን ተቃጠለ። አያ ደምሴ ነገ መሪ የምትይዝበት እጅ ነው፣ ለእኛ ብለህ ጠብቀው አሉት።

የልጅ ልጄን የአራስ ገንፎ እናቷ ሳትቀምሰው እኛ በላነው።

ቅቤውን ለሴትዮዋ ልመልስ ብል እጇን ወደ ኋላ ደበቀች። ለአራስ ብዬ ያወጣሁትን ወደ ቤቴ አላስገባም አለችኝ። በጎመን ቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ። ጣርማ በር ላይ የተናደድኩበት ቅቤ ትዝ አለኝ። ያን ለሰው አልተናገርኩም ነበር።

ያን ማታ ከልጄ አጠገብ አለመሆኔ ዛሬ አይቆጨኝም። እዚያ ብሆን ደስታዬን የሚያውቀው ቤተሰቤ ብቻ ነበር። እግዚአብሔር ግን ብዙ ሰው አስቀምጦ ነገረኝ።

ሲነጋ መንገዱ ተከፈተ። መሐል ሜዳ ደርሰን ሆስፒታሉ ስገባ ትዕግሥት ተኝታ ነበር። ልጅቷ ከጎኗ ቡጢዋን ጨብጣለች። ቀስ ብዬ ቅጠሉን ፈታሁና ከቅቤው ቆንጥሬ የትዕግሥትን መሐል አናት ቀባሁ።

ነቃች። ሽታውን ሳበችና «እማዬ፣ ይሄ የቤታችን ቅቤ አይደለም። የማን ነው?» አለችኝ።

የሴትዮዋን ስም ሳልጠይቅ ነበር የመጣሁት።

«የጎረቤት ነው» አልኳት።